በሩጫ ነግሦ በውርወራ የደከመው ቡድን፦ የ1973ቱ ቡፋሎ ቢልስ

በ1973 ቡፋሎ ቢልስ በኤን.ኤፍ.ኤል፣ ማለትም በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ ታሪክ ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር ሠራ። በአንድ የውድድር ዘመን 3,088 ያርድ በሩጫ ሄደ። ከዚያ በፊት 3,000ን ያለፈ ቡድን አልነበረም። በዚያው ዓመት ያው ቡድን ኳስ ወርውሮ ያገኘው የተጣራ ርቀት ደግሞ 997 ያርድ ነበር። ይህ የ14 ጨዋታ ድምር ነው። በጨዋታ ሲካፈል 71 ያርድ ገደማ ይደርሳል። በውርወራ ያገቡት ታችዳውን፣ ማለትም ኳሱን ባላጋራው የጎል ክልል ውስጥ በማድረስ የሚገኝ ግብ፣ በጠቅላላው 4 ብቻ ነው።

(እዚህ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ቡድን በአንዱ የጨዋታ መንገድ የሊጉን ክብረ ወሰን እየሰበረ በሌላው እንዲህ ሊወድቅ የቻለው እንዴት ነው? የተለመደው መልስ «ኳርተርባኩ (ወርዋሪው) አይረባም ነበር» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ድካሙ የአንድ ሰው ክንድ ድካም አልነበረም። አሰልጣኙ የመረጠው መንገድ፣ የዘመኑ ሕግ፣ የተጫዋቾቹ አመላመልና የከተማው አየር ተደራርበው የፈጠሩት ነው። ነገሩን ለማየት ግን መጀመሪያ ስለ ጨዋታው ትንሽ እናውራ። አሜሪካ ያላችሁ፣ ልጆቻችሁ እሑድ እሑድ ቴሌቪዥኑን የሚቆጣጠሩባችሁ፣ የሚቀጥለውን ክፍል ዘላችሁ ማለፍ ትችላላችሁ።

አራት ሙከራ፣ አሥር ያርድ

የአሜሪካ ፉትቦል በየጎኑ 11 ሰው ነው። ኳስ የያዘው ቡድን አራት ሙከራ ይሰጠዋል። በአራቱ ሙከራ 10 ያርድ ወደፊት መሄድ አለበት። ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል። አሥሩን ከሞላ እንደገና አራት ሙከራ ያገኛል። ካልሞላ ኳሱን ያስረክባል። በተግባር ግን አራተኛው ሙከራ ላይ ሲደርሱ አብዛኛውን ጊዜ ኳሱን በእግራቸው ጠልዘው ያርቁታል። ስለዚህ ዋናው ሥራ የሚሠራው በሦስቱ ሙከራ ነው።

ወደፊት የሚኬድበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ሩጫ ነው። ኳርተርባኩ፣ ማለትም ማጥቃቱን የሚመራው ሰው፣ ኳሱን ለሯጩ ይሰጠዋል። ሯጩ ጓደኞቹ በሚከፍቱለት ቀዳዳ ይገባል። ሁለተኛው ውርወራ ነው። ኳርተርባኩ ወደ ኋላ ይልና ወደፊት ለሮጠ ተቀባይ ይወረውርለታል።

ሩጫ ብዙ ጊዜ ትንሽ ያስገኛል፤ አደጋውም ትንሽ ነው። ውርወራ በአንድ ጊዜ 30 እና 40 ያርድ ሊያስገኝ ይችላል፤ አደጋው ግን ሦስት ዓይነት ነው። ኳሱ መሬት ከወደቀ ምንም ሳይገኝ አንድ ሙከራ ይቃጠላል። ኳርተርባኩ ሳይወረውር ከወደቀ፣ ሳክ ይሉታል፣ ቡድኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ተከላካይ ኳሱን አየር ላይ ሲጠልፈው ነው። ያኔ ኳሱ ራሱ ይሄዳል።

ይህን ይዘን ወደ ቡፋሎ እንሂድ።

ከወደቀ ቡድን ተነስቶ

ሯጩ ኦ.ጄ. ሲምፕሰን ነበር። ስሙን ብዙዎቻችን የምናውቀው በ1990ዎቹ ከነበረው የግድያ ክስና የፍርድ ቤት ሂደት ነው። ያ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እዚህ የማወራው ከዚያ 20 ዓመት በፊት ሜዳ ላይ ስለነበረው ሰው ነው።

ሲምፕሰን በ1969 ወደ ቡፋሎ ሲመጣ በአገሪቱ አለ የተባለ የኮሌጅ ሯጭ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ግን የሚያስቆጩ ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት 697፣ በሁለተኛው 488፣ በሦስተኛው 742 ያርድ ሮጠ። በሁለቱ የመጀመሪያ ዓመታት አሰልጣኙ የነበረው ጆን ራውክ ማጥቃቱን በአንድ ሯጭ ላይ መገንባት የሚፈልግ ሰው አልነበረም። በ1971 ቡድኑ ከ14 ጨዋታ 13ቱን ተሸነፈ።

በ1972 ሉ ሴባን አሰልጣኝ ሆኖ ተመለሰ። ሴባን በ1960ዎቹም ቡፋሎን አሰልጥኖ ለዋንጫ ያበቃ ሰው ነው። እጁ ላይ ምን እንዳለ ዓይቶ ወሰነ፤ ኳሱ ለኦ.ጄ. ይሰጣል። በዚያው ዓመት ሲምፕሰን 1,251 ያርድ ሮጦ የሊጉ አንደኛ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ ከዚህ ውሳኔ የመጣ ነው። በ1972ቱ ምልመላ (ቡድኖች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበት ነው) ሁለተኛ ዙር ላይ ሬጂ ማኬንዚ የሚባል ጋርድ ወሰዱ። ጋርድ ከፊት ሆኖ ለሯጩ መንገድ የሚጠርግ ተጫዋች ነው። በ1973 ቡድኑ የመጀመሪያ ዙር ላይ ሁለት ምርጫ ነበረው። በአንዱ ፖል ሲሞርን፣ በሌላው ጆ ዴላሚሉርን ወሰደ። ዴላሚሉር ሌላው ጋርድ ነው። ሲሞር ደግሞ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሳለ የሚታወቀው በፊት መስመር ተጫዋችነቱ ነው። ቡፋሎ ግን ታይት ኤንድ አደረገው። ይህ ቦታ በሌላ ቡድን ግማሹ ሥራ ኳስ መቀበል ነው። ቡፋሎ እዚያ ላይ አንድ ተጨማሪ መንገድ ጠራጊ አቆመ።

ኳርተርባኩ መቼ ተመረጠ? ሦስተኛ ዙር ላይ። ከአርካንሳ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ጆ ፈርገሰን ነው። ያ ጀማሪ በመጀመሪያ ዓመቱ ማጥቃቱን እንዲመራ ተደረገ። ከእሱ በፊት የነበረው ዴኒስ ሾው በ1970 ምርጥ ጀማሪ ተብሎ የተሸለመ ነበር፤ በ1973 ግን ተቀያሪ ሆነ።

አስቡት። ሁለቱ ውድ ምርጫዎች ለመንገድ ጠራጊዎች ሄዱ። ከዚያ የተረፈው ለወርዋሪው ሆነ። ቡድኑ ገና ልምምድ ሳይጀምር የዓመቱን መልክ በዚህ ማንበብ ይቻል ነበር።

አንድ ጨዋታ ከቅርብ ሲታይ

የዚያን ዘመን ፊልም ማየት በጣም ደስ ይለኛል። የቡፋሎ ሩጫ በተለይ ያምራል። ኳሱ እንደተነሳ ማኬንዚና ዴላሚሉር ከፊታቸው ያለውን ሰው ትተው ወደ ጎን ይሮጣሉ። ከ110 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሁለት ሰዎች፣ ተከታትለው፣ ወደ መስመሩ ዳር። ሲምፕሰን ኳሱን ተቀብሎ ከኋላቸው ይከተላል። አይቸኩልም። ትከሻቸውን እያየ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ጋርድ አንዱን ተከላካይ ወደ ውጭ ሲገፋው፣ ሁለተኛው ሌላውን ወደ ውስጥ ሲያጥፈው፣ መሀል ላይ ለአንድ ሰው የሚበቃ ክፍተት ይፈጠራል። ሲምፕሰን በዚያች ቅጽበት አቅጣጫ ቀይሮ ይገባል። ከዚያ ወዲያ የሚይዘው የለም።

ይህን የፊት መስመር «ኤሌክትሪክ ካምፓኒ» ይሉት ነበር። የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ፣ ከኒው ኢንግላንድ ጋር፣ ሲምፕሰን 250 ያርድ ሮጠ። የአንድ ጨዋታ ክብረ ወሰን ነበር። የመጨረሻው ጨዋታ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ኒው ዮርክ በሼይ ስታዲየም ከጄትስ ጋር ነበር። በረዶ ይጥላል፣ ሜዳው ጭቃ ሆኗል። 34 ጊዜ ኳስ ይዞ 200 ያርድ ሮጠ። የዓመቱ ድምር 2,003 ደረሰ። በአንድ የውድድር ዘመን 2,000 ያርድን ያለፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ለአሥር ዓመት የቆየውን የጂም ብራውንን 1,863 ያርድ አለፈ። ከጨዋታው በኋላ ጋዜጠኞች ሲጠብቁት መንገድ ጠራጊዎቹን ሁሉ አስከትሎ መጣ። ይህን ማድረጉ ትክክል ነበር።

አሁን ሌላ ዓይነት ሁኔታ እንይ። ሦስተኛ ሙከራ ላይ ነን እንበል፤ 9 ያርድ ይቀራል። ስታዲየሙ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ኳሱ እንደሚወረወር ያውቃል። ተከላካዮቹም ያውቃሉ። ስለዚህ ሯጩን ትተው ተቀባዮቹን ከብበው ይቆማሉ። የፊት ተከላካዮቹ ደግሞ ኳርተርባኩ ላይ ለመሮጥ ተዘጋጅተዋል። ፈርገሰን ገና የመጀመሪያ ዓመቱ ነው። ወደ ኋላ ይላል፤ የሚወረውርለት ነፃ ሰው ይፈልጋል።

ለሩጫ በተገነባ ቡድን ላይ የሚወረወረው አብዛኛው ኳስ እንዲህ ባለ ሰዓት ላይ የሚወረወር ነው። ሩጫው ሲሠራ መወርወር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሩጫው ሲከሽፍ ነው። ያኔ ደግሞ ለወርዋሪ ከሁሉ የከፋው ሰዓት ነው። ቁጥሩ ሲደመር ወርዋሪው ደካማ መስሎ ይታያል፤ ግን የተሰጠው ፈተና ራሱ ከሌላው ቡድን ወርዋሪ ፈተና የከበደ ነበር።

ስሌቱ

ፈርገሰን በ1973 164 ጊዜ ወረወረ። 73ቱ ተያዙለት። 939 ያርድ፣ 4 ታችዳውን፣ 10 የተጠለፈ ኳስ። ከመቶ 45 እንኳ አልሞላም። በየ16 ውርወራው አንድ ኳስ ተጠልፎበታል።

አሁን ራሳችሁን በሴባን ቦታ አድርጉ። ቡድናችሁ ሲሮጥ በአማካይ በአንድ ሙከራ 5.1 ያርድ ያገኛል። ሲምፕሰን ብቻውን 6 ያርድ። ስትወረውሩ ደግሞ፣ በሳክ የጠፋው ሲቀነስ፣ በአንድ ውርወራ ከ5 ያርድ በታች ነው የምታገኙት። ላዩ ላይ የመጠለፍ አደጋ አለ። ምን ታደርጋላችሁ? ትሮጣላችሁ። ማንም ይሮጣል። ቡድኑ በዚያ ዓመት 605 ጊዜ ሮጠ።

አብዛኛውን ጊዜ በሌሎች ቡድኖች ነገሩ ተቃራኒ ነው። ውርወራ በአማካይ ከሩጫ ይበልጣል። ቡፋሎ ላይ ሩጫው ከውርወራው እኩል ወይም የበለጠ ያስገኝ ነበር፤ አደጋውም ያነሰ ነው። ስለዚህ የአሰልጣኙን ውሳኔ «ያረጀ አስተሳሰብ» ማለት ፍትሐዊ አይመስለኝም። ባለው ዕቃ ሲሰላ ትክክል ነበር።

ግን አማካይ ሁሉን አይናገርም። 5 ያርድ የሚያስገኝ ሩጫ፣ 3 ያርድ ሲቀር ወርቅ ነው። 12 ያርድ ሲቀር ምንም አይረባም። 14 ለ 0 ተመርተህ ስምንት ደቂቃ ሲቀርም አይረባም። የውርወራ ድካም ዋጋው በአማካይ ውስጥ አይታይም። የሚታየው በእነዚህ ሰዓታት ነው።

በዚያ ዓመት መሀል ላይ ቡፋሎ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ። በኒው ኦርሊንስ 13 ለ 0። በሲንሲናቲ 16 ለ 13። በማያሚ 17 ለ 0። በሦስቱ ጨዋታ ሲምፕሰን 79፣ 99 እና 120 ያርድ ሮጧል። ድምሩ 298 ነው፤ በጨዋታ መቶ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ለማንኛውም ሯጭ ይህ ጥሩ ወር ነው። ቡድኑ ግን በሦስቱ ጨዋታ ያገባው 13 ነጥብ ብቻ ነው። ኒው ኦርሊንስ ያን ጊዜ ጠንካራ ቡድን እንኳ አልነበረም።

በእግር ኳስ የምናውቀው ነገር ነው። በረጅም ኳስ ብቻ የሚጫወት ቡድን መሀል ሜዳ ላይ ብዙ ፍልሚያ ያሸንፋል፤ የጎሉ አፍ ላይ ሲደርስ ግን የሚያደርገው ይጠፋዋል። ቡፋሎም የባላጋራው ጎል ሲቃረብ፣ ሜዳው ሲጠብና ተከላካዮቹ ሲጠጋጉ፣ አማራጭ አልነበረውም።

ቡድኑ ዓመቱን 9 አሸንፎ 5 ተሸንፎ ጨረሰ። ለማጣሪያ፣ ማለትም ከመደበኛው ውድድር በኋላ ለዋንጫ ለሚደረጉት ጨዋታዎች፣ አላለፈም። ሁለት ሺህ ያርድ የሮጠው ሰው ጥር ላይ ቤቱ ነበር።

ትንሽ መወርወርና ደካማ መወርወር

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደባልቀው ነገር አለ። ትንሽ የሚወረውር ቡድን ሁሉ በውርወራ ደካማ አይደለም። ማስረጃው በዚያው ዓመት፣ በዚያው ምድብ ውስጥ አለ። ማያሚ ዶልፊንስ።

ማያሚም ሯጭ ቡድን ነበር። ላሪ ዞንካ የሚባል ግዙፍ ሯጭ ነበረው። ኳርተርባኩ ቦብ ግሪሲ በ1973 218 ጊዜ ብቻ ነው የወረወረው። ሊጉን በያርድ የመራው የፊላደልፊያው ሮማን ጋብርኤል 460 ወርውሯል። ግሪሲ ግን በ218 ውርወራ 17 ታችዳውን አገኘ። በየ13 ውርወራው አንድ ማለት ነው። ፈርገሰን በ164 ውርወራ 4። በየ41ዱ አንድ። የማያሚው ተቀባይ ፖል ዋርፊልድ በዓመቱ የያዘው 29 ኳስ ብቻ ነው፤ ከ29ኙ 11ዱ ታችዳውን ሆኑ።

ይህ እንዴት ሆነ? ተከላካዮቹ ዞንካን ለማቆም ወደፊት ሲጠጉ ግሪሲ ለሩጫ የሚሰጥ መስሎ ኳሱን ያስቀርና ከኋላቸው ላለው ዋርፊልድ ይወረውረዋል። ሩጫው ውርወራውን ያገለግለዋል። ማያሚ ይህን የሚያደርገው ተከላካዩ ባልጠበቀው ሰዓት ነው፤ በመጀመሪያ ሙከራ፣ በሁለተኛ ሙከራ። የሱፐር ቦውሉ (የሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ) ዕለት ግሪሲ 7 ጊዜ ብቻ ወረወረ፤ 6ቱ ተያዙ። ማያሚ ሚኔሶታን 24 ለ 7 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ሰባት ውርወራ በቂ ነበር፤ ምክንያቱም ባላጋራው ስምንተኛው መቼ እንደሚመጣ አያውቅም።

ቡፋሎም የሚያስፈራ ሩጫ ነበረው። ከማያሚ የበለጠ። ታዲያ ለምን እንዲህ አልሆነለትም? አንደኛ፣ ግሪሲ ብዙ ዓመት የተጫወተ፣ ሱፐር ቦውል ያየ ሰው ነው፤ ፈርገሰን ጀማሪ። ሁለተኛ፣ የቡፋሎ ታይት ኤንድ በተፈጥሮው መንገድ ጠራጊ ነው። ሦስተኛው ልምምድ ነው። በቀን ያለው ሰዓት የተወሰነ ነው። ለሩጫው ረቂቅ ቅንጅት የሄደ ሰዓት ለውርወራ አይመለስም። ኳርተርባኩና ተቀባዩ እርምጃ ለእርምጃ የሚግባቡት ሺህ ጊዜ አብረው ሲደጋግሙ ነው።

ተቀባዮቹ ደካማ ነበሩ ማለት ግን አይቻልም። ጄ.ዲ. ሂል በ1972 52 ኳስ ይዞ ለኮከቦች ጨዋታ ተመርጦ ነበር። በ1973 ቁጥሩ ወደ 30 ገደማ ወረደ። ሂል አልተበላሸም። ኳሱ ወደ እሱ መምጣቱን አቆመ እንጂ።

ሕጉም ከወርዋሪ ጎን አልነበረም

ዛሬ ኳርተርባኮች በአንድ ዓመት ከ4,000 ያርድ በላይ ሲወረውሩ ያየ ሰው የ1973ን ቁጥር ሲያይ ይደነግጣል። በዚያ ዓመት የሊጉ አንደኛ ጋብርኤል እንኳ 3,219 ነው ያገኘው። የዚያን ጊዜ ሕግ ለውርወራ ከባድ ነበር። ተከላካይ ኳሱ እስኪወረወር ድረስ ተቀባዩን በየመንገዱ እየመታ ሊያዘገየው ይችላል። ኳርተርባኩን የሚጠብቁት የፊት ተጫዋቾች ክንዳቸውን ዘርግተው በእጃቸው መግፋት አይፈቀድላቸውም፤ ክርናቸውን አጥፈው በሰውነታቸው ነው የሚገፉት። የሚያጠቃቸው ተከላካይ ደግሞ የራስ ቁራቸውን በጥፊ መምታት ይችላል። የፊት ተጫዋች ተከላካዩን በእጁ ሲይዝ የሚሰጠው ቅጣት 15 ያርድ ነበር።

በሌላ በኩል በ1972 የተደረገ አንድ ለውጥ ሩጫን ረድቶታል። ኳሱ በየሙከራው የሚቀመጥባቸው የሜዳ ምልክቶች ወደ መሀል ተጠጉ። ከዚያ በፊት ኳሱ ዳር ላይ ሲቀመጥ ሯጩ አንዱ ጎን ብቻ ነበር የሚከፈትለት። አሁን ሁለቱም ጎን ሰፊ ሆነ። ለቡፋሎ ወደ ጎን ለሚዞረው ሩጫ ይህ ስጦታ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሊጉ ቀስ በቀስ አቅጣጫ ቀየረ። በ1974 የመያዝ ቅጣት ወደ 10 ያርድ ወረደ። በ1977 የራስ ቁር ጥፊ ተከለከለ። ትልቁ ለውጥ በ1978 መጣ። ተከላካይ ተቀባዩን መንካት የሚችለው በመጀመሪያዎቹ 5 ያርድ ውስጥ ብቻ ሆነ። የፊት ተጫዋቾችም ክንዳቸውን ዘርግተው እንዲጠብቁ ተፈቀደ። ዛሬ የምናየው የውርወራ ዘመን የተጀመረው ከዚህ ነው።

አየሩንም አትርሱ። የዚያን ጊዜው አዲሱ የቡፋሎ ስታዲየም በ1973 ነው የተከፈተው፤ ኦርቻርድ ፓርክ በሚባል ቦታ፣ ከኤሪ ሐይቅ ብዙ ሳይርቅ። የሐይቁ ነፋስ እዚያ ሜዳ ላይ የሚሠራውን ለማየት አንድ ጨዋታ ይበቃል። መስከረም 29 ቀን 1974 ጄትስ መጡ። ፈርገሰን ቀኑን ሙሉ 2 ጊዜ ወረወረ። አንዱም አልተያዘም። ዜሮ። የጄትሱ ጆ ኔመዝ፣ በዘመኑ ስመ ጥር ከነበሩት ወርዋሪዎች አንዱ፣ 18 ወርውሮ 2 ብቻ ተያዙለት፤ 3 ተጠለፉበት። ቡፋሎ አንድም ኳስ ሳይያዝለት 16 ለ 12 አሸነፈ።

በታኅሣሥ 2021 በዚያው ስታዲየም በኃይለኛ ነፋስ የኒው ኢንግላንዱ ማክ ጆንስ 3 ጊዜ ብቻ ወርውሮ ቡድኑ ቢልስን 14 ለ 10 አሸንፏል። ያን ቀን ኒው ኢንግላንድ 46 ጊዜ ሮጠ። ዘመኑ ተለውጦም ነፋሱ ያው ነው።

ክንዱ ምን ሆነ?

በ1974 ቡፋሎ 9 አሸንፎ 5 ተሸንፎ ማጣሪያ ገባ። ከፒትስበርግ ጋር ተገናኘ። ፒትስበርግ በሁለተኛው ሩብ ብቻ 26 ነጥብ አገባ። ከዚያ ወዲያ በሩጫ መመለስ አይቻልም። ሲምፕሰን በዚያ ቀን 49 ያርድ ብቻ ሮጠ፤ ቡድኑ 32 ለ 14 ተሸነፈ። የሲምፕሰን የዕድሜ ልክ ብቸኛ የማጣሪያ ጨዋታ ይኸው ነው።

በ1975 ግን ነገሩ ተቀየረ። ፈርገሰን በዚያ ዓመት 25 ታችዳውን ወረወረ። ከሚኔሶታው ፍራን ታርከንተን ጋር እኩል የሊጉ አንደኛ ነበር። አስተውሉ፤ ያው አሰልጣኝ ነው። ያው ማኬንዚ፣ ያው ዴላሚሉር። ሲምፕሰንም ሩጫውን አልቀነሰም፤ 1,817 ያርድ ሮጧል። ከ23 ታችዳውኑ 7ቱን ያገኘው ግን የተወረወረለትን ኳስ ይዞ ነው። ቦብ ቻንድለር 55 ኳስ ያዘ። ቡድኑ 420 ነጥብ አገባ፤ በሊጉ ከማንም በላይ። በ1973 ያገባው 259 ነበር።

ለእኔ ትልቁ ማስረጃ ይህ ነው። ክንዱ ያው ክንድ ነው። የተጨመረው የሁለት ዓመት ልምድና የአሰልጣኙ እምነት ነው። ፈርገሰን በመጀመሪያ ሙከራም መወርወር ሲፈቀድለት፣ ተከላካዩ ሲምፕሰንን እያየ ሳለ ኳሱን ከኋላው ማሳለፍ ቻለ። ማያሚ በ1973 ሲያደርግ የነበረውን ቡፋሎ በ1975 አገኘው።

እንደ አለመታደል ሆኖ ያን ጊዜ መከላከሉ ፈረሰ። 355 ነጥብ ገባበት። ቡድኑ 8 አሸንፎ 6 ተሸነፈና ማጣሪያውን አጣ። በቀጣዩ ዓመት ሴባን መሀል ላይ ለቀቀ፣ ፈርገሰን ተጎዳ፣ ቡድኑም 12 ጨዋታ ተሸነፈ። ሲምፕሰን በ1978 ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተዛወረ።

ፈርገሰን ቀረ። ቻክ ኖክስ አሰልጣኝ ሆኖ መጣ፤ ሕጉም ተቀይሯል። በ1981 ያ በጀማሪነቱ 939 ያርድ የነበረው ሰው 3,652 ያርድ ወረወረ። በዚያው ዓመት ማጣሪያ ላይ ቡፋሎ ጄትስን ኒው ዮርክ ላይ 31 ለ 27 አሸነፈ። ከ1965 በኋላ የቡድኑ የመጀመሪያ የማጣሪያ ድል ነበር፤ ሁለት ታችዳውን ፈርገሰን ለፍራንክ ሉዊስ ወርውሮለታል።